ባለ 8 ፒን ወይስ ባለ 16 ፒን? ውድ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት መሰኪያውን እዩ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ አንድ ወጣት አርክቴክት ይኖራል። የሕንፃ ዲዛይኖችን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሬንደር እያደረገ፣ ማለትም በኮምፒውተር እውነተኛ ወደሚመስል ምስል እየቀየረ ነው የሚተዳደረው። ባለፈው ክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ቤቱ የምጣድ ሶኬት የተቃጠለ ዓይነት ይሸታል። እኔ ግን ምጣድ የለኝም» አለኝ።

ወረድኩ። በሩን እንደከፈተልኝ ሽታው ተቀበለኝ። ፕላስቲክ ቀስ እያለ ሲቀልጥ የሚወጣ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ኮምፒውተሩ በርቷል። ፋኖቹ ይዞራሉ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ከግድግዳው ነቀልነው፣ የኬዙን መስታወት አወለቅንና በስልክ ባትሪ አየነው። ግራፊክስ ካርዱ የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 4090 ነው። ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ላይ ከጥቁሩ ፕላስቲክ አንዱ ጥግ አብጧል። ገመዱን ለመንቀል ብንሞክር አልወጣም። ፒኑ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፈው ቀጭን ብረት፣ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቋል። በግድ ሲወጣ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ፣ ውስጡ ያለው ብረት ደግሞ እንደ ምስማር ዝገት ጠቁሮ አየነው።

ካርዱ ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ነው። የላከለት ዘመዱ ደረሰኙን አላስቀመጠም። ለጥገና የወሰደበት ባለሙያ መሰኪያውን ቢያነሳው የቦርዱ መዳብ አብሮ ተነሣ። የሁለት ዓመት ቁጠባ እንደዛ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ «የቱን ካርድ ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳልኝ ስለ ፍጥነትና ስለ ሜሞሪ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ በአንዷ ፒን ስንት አምፔር (የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን) ያልፋል? ካርዶቹን የማነጻጽረውም በዚህ ነው። ዋስትና በእጃችን በሌለበት፣ ካርድ መልሶ መላክ ከካርዱ በላይ በሚያስቸግርበት አገር ይሄ ጥያቄ ከፍጥነት ይቀድማል።

ምጣዱና ካርዱ

ነገሩን የምጣድ ሶኬት በደንብ ያስረዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ሶኬቱ ሲላላ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ይቀልጣል። ይሄን ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አርቲኤክስ 5090 እንምጣ። 575 ዋት ነው። ከምጣዱ ጋር ሲታይ አንድ ስድስተኛ ያህል። ቀላል ይመስላል። ግን ካርዱ ኃይል የሚያገኘው በ12 ቮልት ነው። 575 ለ12 ሲካፈል ወደ 48 አምፔር ይመጣል። የምጣዱን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ ከአውራ ጣት እምብዛም በማይበልጥ መሰኪያ ውስጥ ያሉ ስድስት ቀጫጭን ፒኖች ናቸው።

መሰኪያን የሚያግለው አምፔሩ ነው። ብረትና ብረት በሚነካኩበት ቦታ ሁልጊዜ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) አለ። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በቁጥር እንየው። መነካኪያው 5 ሚሊ ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። 8 አምፔር ሲያልፍበት የሚወጣው ሙቀት የአንድ ዋት ሲሶ ነው። ምንም አይደለም። 20 አምፔር ሲያልፍበት ግን 2 ዋት ይሆናል። ከጤፍ ፍሬ ብዙ በማይበልጥ ነጥብ ላይ፣ አየር በማይገባበት ፕላስቲክ ውስጥ የታጨቀ 2 ዋት ነው። ብረቱ ሲግል ይላላል፣ ይጠቁራል፣ ተቃውሞው ይጨምራል። ያኔ ይበልጥ ይግላል። በራሱ ላይ እየተደራረበ የሚሄድ ነገር ነው።

ሁለቱ መሰኪያዎች ጎን ለጎን

ባለ 8 ፒኑ የድሮው ነው። ከስምንቱ ፒኖች 12 ቮልት የሚያመጡት ሦስቱ ናቸው። ሌሎቹ ኤሌክትሪኩ የሚመለስባቸውና ምልክት የሚያስተላልፉ ናቸው። የተፈቀደለት 150 ዋት ነው። ይሄ በአንድ ፒን 4.2 አምፔር ገደማ ይሆናል። ፒኑ ራሱ ግን እንደ ጥራቱ 8 አምፔርም ከዚያ በላይም ይሸከማል። ስለዚህ እጥፍ ያህል ትርፍ አቅም አለው። አንዱ ፒን ቢላላ የቀሩት ሁለቱ ሳይጨነቁ ይሸከሙለታል።

ባለ 16 ፒኑ በ2022 ከአዲሱ የፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ስታንዳርድ ከኤቲኤክስ 3.0 ጋር መጣ። የመጀመሪያው ትውልድ «12 ቮልት ሃይ ፓወር» ይባላል። ስድስት ፒን ለ12 ቮልት፣ ስድስት ለመመለሻ፣ ከላይ ደግሞ አራት ትናንሽ የምልክት ፒኖች አሉት። የተፈቀደለት 600 ዋት ነው። 600 ለ12፣ ከዚያም ለ6 ሲካፈል በአንድ ፒን 8.3 አምፔር ይሆናል። ፒኑ የሚችለው 9.5 አምፔር ገደማ ነው። ትርፉ 15 በመቶ አይሞላም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለት ባለ 8 ፒን ጎን ለጎን ብትሰኩ 12 ቮልት የሚያመጡት ፒኖች ስንት ናቸው? ስድስት። ልክ እንደ አንዱ ባለ 16 ፒን። ግን ሁለቱ ባለ 8 ፒኖች አንድ ላይ የተፈቀደላቸው 300 ዋት ነው። ባለ 16 ፒኑ በዚያው የፒን ቁጥር 600 ዋት ተፈቅዶለታል። ያውም ፒኖቹ አንሰውና ተጠጋግተው። በባለ 8 ፒኑ ከፒን እስከ ፒን 4.2 ሚሊ ሜትር ነው። በባለ 16 ፒኑ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ስሌት ነው። የድሮው መሰኪያ ግዙፍና አስቀያሚ ነው፣ ኬዝ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ግን ስህተት ይችላል። አዲሱ ያምራል፣ አንድ ገመድ ብቻ ነው፣ ስህተት ግን አይችልም።

የተፈጠረው ነገርም ይሄንኑ ያሳያል። 4090 ጥቅምት 2022 ላይ ወጣ። ያው ወር ሳያልቅ የቀለጡ መሰኪያዎች ፎቶ መታየት ጀመረ። ኤንቪዲያ በኅዳር ወደ 50 የሚሆኑ ጉዳዮችን እንደሚያውቅ ገልጾ፣ ዋናው ምክንያት መሰኪያው እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነው አለ። ቀጥሎ የአዳፕተሮቹ ነገር መጣ። ኬብልሞድ የተባለው ኩባንያ ለ4090 የሸጣቸው መታጠፊያ አዳፕተሮች የካቲት 2024 በአሜሪካ ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ወደ 25,300 ፍሬ ነበሩ። ላልተው ጋሉ፣ ቀለጡ የሚሉ 272 ሪፖርቶች ቀርበውባቸዋል።

በ2023 የተሻሻለው ትውልድ መጣ። ስሙ 12ቪ-2×6 ነው። ሱቅ ላይ «ቱ ባይ ሲክስ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ለውጡ ቀላል ግን ብልህ ነው። ኃይል የሚያስተላልፉት ፒኖች በ0.25 ሚሊ ሜትር ረዘሙ። የምልክት ፒኖቹ ደግሞ በ1.5 ሚሊ ሜትር አጠሩ። ስለዚህ መሰኪያው በደንብ ካልገባ ምልክቱ አይነካካም፣ ካርዱም አይነሣም። ለውጡ ያለው ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ ላይ ባለው ወገን ነው። ገመዱ ያው ነው። ስለዚህ «አዲሱ ኬብል ነው» እያለ ተጨማሪ ብር የሚጠይቃችሁን ሻጭ አትስሙት። መጠየቅ ያለባችሁ የካርዱ መሰኪያ የትኛው ትውልድ እንደሆነ ነው።

ይሄ በደንብ ያልተሰካውን ችግር አቃለለ። በደንብ ተሰክቶ የሚግለውን ግን አልፈታም። የካቲት 2025 ላይ፣ ደርባወር በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊው ሮማን ሃርቱንግ፣ 5090ን በከባድ ጭነት እያሠራ የእያንዳንዱን ሽቦ አምፔር ለካ። ከስድስቱ ሽቦዎች አንዱ ብቻውን ከ20 አምፔር በላይ ተሸክሞ ተገኘ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው መሰኪያ 150 ዲግሪ ገደማ ደረሰ።

ለምን አንዱ ብቻ? እዚህ ጋ የካርዱ ዲዛይን ይመጣል። 4090 እና 5090 ስድስቱን የኃይል ፒኖች ቦርዱ ላይ እንደገቡ አንድ ላይ ያገናኟቸዋል። ካርዱ የሚያውቀው ጠቅላላውን ብቻ ነው። በየትኛው ፒን ስንት እንደገባ አያይም። አምስቱ ፒኖች ትንሽ ቢላሉና ስድስተኛው ጥሩ ቢነካካ፣ ኃይሉ በሙሉ መንገዱ ወደ ቀናው ይጎርፋል። ቆሻሻ ውኃ በሰፊው ቱቦ እንደሚሄደው ማለት ነው። ከነሱ በፊት የወጣው 3090 ቲአይ ግን በዚያው ባለ 16 ፒን እየተጠቀመ ፒኖቹን በሦስት ቡድን ከፍሎ ይቆጣጠር ነበር። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። መፍትሔው ነበር፣ ተተወ።

ካርድ አምራቹ አሱስ አስትራል በሚለው 5090ው ላይ የእያንዳንዱን ፒን አምፔር የሚለካ ነገር አክሏል። መልካም ነው። ግን ያስጠነቅቃል እንጂ አያመጣጥንም። ማታ ሬንደር ለቃችሁ ስትተኙ ማስጠንቀቂያውን ማን ያየዋል?

ካርዶቹ በአምፔር ሚዛን

የሚከተሉት ቁጥሮች ካርዱ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ ጭነቱም በስድስቱ ፒኖች እኩል ሲከፋፈል ያለውን ነው። ከማዘርቦርዱ የሚመጣውን ትንሽ ኃይል አልቀነስኩም። የከፋውን መገመት ይሻላል ብዬ ነው።

አርቲኤክስ 5090። 32 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 575 ዋት፣ በአንድ ፒን 8 አምፔር። ፒኑ ከሚችለው ጣሪያ ሥር ነው ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው። በፍጥነት የሚያህለው የለም። ይሄን የምትገዙት ሜሞሪው ግድ የሚላችሁ ከሆናችሁ ብቻ ነው። ትላልቅ የሰፈር ሞዴሎችን ከነዛፉ ከነመኪናው የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም የቋንቋ ሞዴል ቤታችሁ የምታሠለጥኑ ከሆነ። ለጌም ብቻ ከሆነ በእኔ እምነት አያስፈልጋችሁም። ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ አታሠሩት። በሶፍትዌር ወደ 80 በመቶ ዝቅ ብታደርጉት 460 ዋት ይሆናል፣ በፒን 6.4 አምፔር። ፍጥነቱ ላይ የምታጡት ኃይሉን የቀነሳችሁትን ያህል አይደለም። ከዚያ በጣም ያንሳል።

አርቲኤክስ 4090። 24 ጊጋባይት፣ 450 ዋት፣ በፒን 6.25 አምፔር። አሁን ያገለገለ ነው በብዛት የሚገኘው። ከ5090 የተሻለ ትርፍ አቅም አለው። ችግሩ ቀደም ብለው የተመረቱት የመጀመሪያው ትውልድ መሰኪያ ያላቸው መሆኑ ነው። በደንብ ባይሰካም ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይግላል። የጎረቤቴ ካርድ እንዲህ ያለው ነበር። ኬዙ ጠባብ ነው። መስታወቱ ገመዱን ከአንገቱ ተጭኖ አጥፎታል። ቤት በቀየረ ቁጥር ይነቅለዋል፣ ይሰካዋል። መሰኪያው የተሠራው ደግሞ 30 ጊዜ ለመሰካት ብቻ ነው። የሰው ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ስንት ጊዜ እንደተሰካ አታውቁም። ይሄን አስቡበት።

አርቲኤክስ 5080። 16 ጊጋባይት፣ 360 ዋት፣ በፒን 5 አምፔር። ባለ 16 ፒን ከሆነው ቤተሰብ እኔ ሳልፈራ የምመክረው ይሄን ነው። ፒኑ ከሚችለው ግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው። መሰኪያው የተሻሻለው ነው። ፓወር ሰፕላዩ 850 ዋት ይበቃዋል። ቅር የሚለኝ ሜሞሪው ነው። 16 ጊጋባይት ለጌም ብዙ ነው፣ ለትልቅ ሬንደር ግን ቶሎ ይሞላል።

አርቲኤክስ 5070 ቲአይ 300 ዋት ነው፣ በፒን 4.2 አምፔር። ሜሞሪው እንደ 5080ው 16 ነው። በገንዘብ ስታስቡት ከ5080 ይልቅ ይሄ ያዋጣል። ሲወጣ ዋጋው 749 ዶላር ነበር፣ የ5080 ደግሞ 999። በአምፔር በኩል ከድሮው ባለ 8 ፒን ጋር እኩል ተራመደ ማለት ነው። 5070 ደግሞ 250 ዋት ብቻ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ብዙም አያሳስብም። ሜሞሪው 12 ነው፣ ያ ነው ጉድለቱ።

ወደ ኤንቪዲያ ተፎካካሪ ወደ ኤኤምዲ ስንሄድ ነገሩ ይለወጣል። አርኤክስ 9070 ኤክስቲ 304 ዋት ነው፣ 16 ጊጋባይት። መጋቢት 2025 ላይ ሲወጣ ዋጋው 599 ዶላር ነበር። አብዛኛው ሞዴል ሁለት ወይም ሦስት ባለ 8 ፒን ነው። በሦስቱ ከሆነ በፒን 2.8 አምፔር ብቻ። እንቅልፍ የሚያስተኛ ቁጥር ነው። ግን ተጠንቀቁ። የሳፋየር ናይትሮ ፕላስና የአዝሮክ ታይቺ ሞዴሎች ባለ 16 ፒን ናቸው። ስሙ 9070 ኤክስቲ ስለሆነ ብቻ ባለ 8 ፒን ነው አትበሉ። ፎቶውን እዩ። አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ ደግሞ 24 ጊጋባይትና 355 ዋት ነው። በሁለት ባለ 8 ፒን ሲሠራ በፒን 4.9፣ በሦስት ሲሆን 3.3 አምፔር። ለጌም፣ ላሚዮን ለሚባለው የሕንፃ ሬንደር ሶፍትዌር፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ በጣም ጥሩ ነው። ኦክቴን የተባለውን የሬንደር ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አይሆናችሁም። ኦክቴን በፒሲ ላይ የሚሠራው በኤንቪዲያ ብቻ ነው። ብሌንደር የተባለው ሌላው ሶፍትዌር በኤኤምዲም ይሠራል፣ በኤንቪዲያ ግን ይፈጥናል።

የቀረው አርቲኤክስ 3090 ነው። በ2020 የወጣ፣ 24 ጊጋባይት፣ 350 ዋት። የኤንቪዲያ የራሱ እትም ለብቻው ባለ 12 ፒን መሰኪያ አለው፣ ሌሎቹ ኩባንያዎች የሠሯቸው ግን ሁለት ወይም ሦስት ባለ 8 ፒን ናቸው። ሬንደር ለሚሠራና ብር ለሚያጥረው ሰው ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም። ብዙ ሜሞሪ፣ ኤንቪዲያ፣ ታጋሽ መሰኪያ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ግማሹ ሜሞሪ በካርዱ ጀርባ ስለሆነ ከኋላ በጣም ይግላል። ብዙዎቹ ደግሞ ክሪፕቶ ማይኒንግ ላይ ከርመዋል። የሙቀት ማስተላለፊያ ፓዱ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ለቅጽበት የሚስበው ኃይል ከ350 ዋት በጣም ስለሚያልፍ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ድንገት ይጠፋበታል።

አነስ ያለ በጀት ካላችሁ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱን ውሰዱ። 180 ዋት ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች አንድ ባለ 8 ፒን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

እኛ ሰፈር ሲገባ

«ስታቢላይዘር ገዝቻለሁ፣ ምንም አይሆንም» የሚለኝ ሰው አለ። ይሄ ስህተት ነው፣ በግልጽ ልናገር። ስታቢላይዘር ከግድግዳው የሚመጣውን ቮልት ያስተካክላል። የመብራት መዋዠቅን ለመከላከል ጥሩ ነው። ካርዱ ጋ የሚደርሰው 12 ቮልት ግን ፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚሠራው ነው። የላላ ፒንን ስታቢላይዘር አያጠብቀውም። የቀለጠውን መሰኪያ ያቀለጠው መብራት ኃይል አይደለም።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም ሌላ ጉዳይ ነው። ሱቅ ላይ የተለመደው 650 ቪኤ የሚለው ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው። 5090 ብቻውን ከዚያ ያልፋል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ አብሮ ይጠፋል። ውድ ካርድ በርካሽ ዲቫይደር ላይ የሚሰኩም አሉ፣ ያውም ፍሪጁና ካውያው በተሰኩበት። ኮምፒውተሩን ለብቻው፣ ግድግዳው ላይ ባለ ደህና ሶኬት ስኩት።

ከአዲስ አበባ ዳር ያለነው ሰዎች ሌላም አለብን። አቧራ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ግንባታ አለ፣ መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም። በጋ ላይ መስኮት ከፍታችሁ ብታድሩ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ በጣታችሁ ትጽፋላችሁ። ያ አቧራ ክፍት የተቀመጠ መሰኪያ ውስጥ ይገባል። ካርዱን ስትነቅሉ የገመዱን ጫፍ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሉት። በአፍ አትንፉበት፣ እርጥበት ትጨምሩበታላችሁ።

ከፍታውም አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። የአየሩ ጠባይ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሄን አያስበውም። በኬዙ ፊት ለፊት አንድ ተጨማሪ ፋን ማስገባት ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ገመዱ ላይ አትቆጥቡ

ባለ 16 ፒን ካርድ ከገዛችሁ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ቀጥታ የሚመጣ ባለ 16 ፒን ገመድ ያለው ኤቲኤክስ 3.1 ፓወር ሰፕላይ ግዙ። ለ5090 ኤንቪዲያ የሚመክረው 1,000 ዋት ነው። ከካርዱ ጋር የሚመጣው አዳፕተር ይሠራል፣ ግን መነካኪያ ይጨምራል። እያንዳንዱ መነካኪያ ደግሞ ሊላላ የሚችል ቦታ ነው።

የሞዱላር (ገመዱ የሚነቀል) ፓወር ሰፕላይ ገመድ ከሌላ ብራንድ ገመድ ጋር በፍጹም አታለዋውጡ። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን የፒኑ አደራደር ይለያያል። ይገባል፣ ጠቅ ይላል፣ ስታበሩት ካርዱን ያቃጥላል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ከተሰበሰበ ገመድ ጋር በፌስታል አድርገው ሲሰጧችሁ «ይሄ ገመድ የዚሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባለ 8 ፒኑም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። ብዙ ፓወር ሰፕላይ አንድ ገመድ ላይ ሁለት ጭንቅላት ይሰጣል። ሁለቱንም ካርዱ ላይ ብትሰኩ ጭነቱ በአንዱ ገመድ ይመጣል። ለእያንዳንዱ መሰኪያ የራሱን ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ አውጡለት።

ስትሰኩ ካርዱን ኬዝ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ስኩት። ቀጥ አድርጋችሁ፣ በሁለት አውራ ጣት፣ እስኪገጥም። በዙሪያው ምንም ክፍተት መታየት የለበትም። ከመሰኪያው ጀምሮ ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ገመዱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይውጣ። መስታወቱ ገመዱን የሚጫነው ከሆነ ኬዙ ለካርዱ አይሆንም። ኬዝ መቀየር ካርድ ከመቀየር ይረክሳል።

መለካት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰፈር ኤሌክትሪሻኖች የያዙት ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ) በብዛት የሚለካው ኤሲ፣ የግድግዳውን ዓይነት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የካርዱ ገመድ ዲሲ፣ እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ ነው። ዲሲ የሚለካ ካላገኛችሁ ዜሮ ያነብላችሁና ደህና ነው ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ዲሲ የሚለካውን ካገኛችሁ ስድስቱን የ12 ቮልት ሽቦዎች በየተራ ለኩ። አንዱ የሌላውን እጥፍ ካነበበ አጥፉና እንደገና ስኩት። በኮቪድ ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ቴርሞሜትር ለዚህ አይሆንም። እሱ ለሰውነት ሙቀት ብቻ ነው።

ጎረቤቴ በመጨረሻ 3090 ገዛ። ሦስት ባለ 8 ፒን ያለው። አብሬው ሄድኩ። የመጀመሪያው ሻጭ ካርዱን አብርቶ ጌም ከፈተልን። «ይኸው ይሠራል፣ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለን። ልጁ አጥፍቶ ገመዶቹን ነቀለና የስልኩን ባትሪ ቀዳዳዎቹ ላይ አበራ። መሃለኛው መሰኪያ ጥግ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ቡናማ ነጥብ ነበረች። አመስግነን ወጣን። ሁለተኛው ቤት የነበረው ካርድ ከፊተኛው ትንሽ ይወደዳል። የሦስቱን መሰኪያዎች ሃያ አራት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አየ። ብረቱ ሁሉ ያበራል። ጫፉን አሸተተው። ከዚያ ነው ስልኩን ከፍቶ ብሩን ያስተላለፈው።